የሁለት ጄምስ አንድ መስመር

ፖርትሎሪ፣ ስኮትላንድ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1958

ውድ ዱጋልድ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ጉልበቴ ከደረጃ ጋር ከመጣላቱ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ሲደርስ በረዶው እስከ መስኮቱ ደፍ ደርሶ ነበር፤ አንተ ግን ከኒው ዚላንድህ ሆነህ «ሙቀቱ አላስቀምጥ አለን» ትለኛለህ። እንዲህ ያለ ነገር ብርድ ለሚያንቀጠቅጠው ሰው አይጻፍም። ይሁን፣ ይቅር ብዬሃለሁ።

እናትህ ደህና ናቸው። ፎቶግራፉን በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ፤ ምስጋናቸውንም ሲነግሩኝ ጽፌ ልኬልሃለሁ። አሁን ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ስለ ትምህርት ቤታችን የሰማኸው እውነት ነው። ይዘጋል። ከኮረብታው ጀርባ፣ ከግድግዳው መስኮቱ የሚበዛ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ልጆቹ ወደዚያ ይዛወራሉ። ዕድሜዬን ያስተማርኩበት ቤት ስለሆነ፣ የአሮጌውን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ እንድጽፍ ኮሚቴው ጠየቀኝ። ከተሰበረች መርከብ የተረፈውን ደወል ጻፍኩ። ጣሪያው ላይ በአውራ ዶሮ ፋንታ ነፋስ የሚያመለክተውን የብረት ሄሪንግ ዓሣ ጻፍኩ። ሰዓቱ ጋ ስደርስ ግን ተያዝኩ። ማማው አራት ጎን ሰዓቱ ግን ሦስት ፊት ብቻ እንዳለው፣ ወደ እናንተ ወደ ታች ሰፈር የሚያየው ጎን ባዶ ድንጋይ እንደሆነ ታውቃለህ። ላይ ሰፈር፦ «እኛ ድንጋይ ስንጎትት ዓሣ አጥማጆቹ ቆመው አዩን፤ ስለዚህ ሰዓት ነፈግናቸው» ይላል። ታች ሰፈር ደግሞ፦ «እኛ የምንኖረው በባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው፤ ሰዓታችሁን ለራሳችሁ አልናቸው» ይላል። ሁለቱንም ጻፍኩ፤ አሁን ሁለቱም ሰፈር አኩርፎኛል።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ለመጀመር ፈርቼ ነው። በታላቁ፣ በመጀመሪያው ጦርነት የሞቱት ልጆቻችን ስም ያለበትን ሰሌዳ ነቀዝ በልቶታል፤ ለአዲሱ ትምህርት ቤት አዲስ ሰሌዳ ይጻፋል። ይህን የሰማ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል፤ ሰሌዳው ሲመረቅ ርእሰ መምህሩ አባቴ ነበሩና።

አንተ ያን ቀን ባሕር ላይ ስለነበርክ አላየኸውም። ታች ሰፈር ውስጥ ድንጋይ ቢወረወር የሚመታው ፍሌት የሚባል ሰው ነው፤ ያውም ወይ ጄምስ ፍሌት ወይ ጆን ፍሌት። ቤተሰቡ ሁሉ በቅጽል ስም የሚለየው ለዚህ ነው። ወንድምህ የፉጨቶቹ ጄምስ ባሕር ላይ ቀረ። የእማማ ጄሲ ልጅ፣ የንጉሦቹ ጄምስ፣ ፈረንሳይ ላይ ወደቀ። ለሰሌዳው በተላከው ዝርዝር ላይ ግን «ጄምስ ፍሌት፣ ጄምስ ፍሌት» ነው የሚለው። የከተማው ሰሌዳ ጸሐፊ «አንድ ልጅ ሁለቴ አይሞትም» ብሎ አንዱን ሰረዘው። መጋረጃው ሲገለጥ ሁለቱ እናቶች አበባ ይዘው እኩል ተራመዱ፤ ወደ አንድ መስመር። ሰዎች አባቴን «ይታረም እንጂ» ቢሏቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ስሙ አንድ ከሆነ አንዱ መስመር ለሁለቱም ይበቃል» አሉ።

አልበቃም። በዓመቱ የመታሰቢያ እሑድ እማማ ጄሲ ማልደው መጥተው የአበባ ጠርሙሳቸውን መሀል ላይ አደረጉ። እናትህ መጡና ትንሽ ገፋ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በመሀላቸው ሁለት ቤት ብቻ እያለ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ባለፈው እሑድ እናትህ ክንዴን ያዙና ምን አሉኝ መሰለህ? «ኤፊ፣ እኔ ሳልሄድ ልጄን በገዛ መስመሩ ላይ አስቀምጪልኝ። አርባ ዓመት ሰው ቤት ደባል ሆኖ ኖረ።» ደባል አሉት። ሌሊቱን ሙሉ ያ ቃል በጆሮዬ ሲያቃጭል አደረ። ጉዳዩን ወደ ኮሚቴው እወስደዋለሁ።

ያንተው ኤፊ ጋሮው

*

ፖርት ቻልመርስ፣ ኒው ዚላንድ
ኤፕሪል 2 ቀን 1958

ለመምህሬ ኤፊ፣

ጉልበትሽን ከደረጃው ጋር አስታርቂው። እኔ ደህና ነኝ፤ መርከብ ጥገናው ቦታ አሁንም መጥረቢያና መሮ ይሰጡኛል፣ ጣቶቼም ሁሉም አሉ።

ስለ ሰዓቱ አትጨነቂ፤ ሁለቱ ሰፈር ባንድ ነገር ሲስማማ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለ አባትሽ ደግሞ፣ እኔን ስንት ጊዜ በለንቋጣ ቢገርፉኝም፣ ክፉ ሰው ነበሩ አልልም። «ተሳስተዋል» ብሎ ለሳቸው መናገር ግን አይቻልም ነበር። ይህን ከኔ ይበልጥ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጄምስን አንስተሽ ወደ ኋላ መለስሽኝ። የፉጨት ቤት የተባልነው አያታችን ጀልባ ላይ አፏጭተው ነፋስ ጠርተዋል ተብሎ ነው። ያን ቀን የተነሳው ማዕበል ጀልባውን ሁሉ በተነው፤ ሰው አልሞተም፣ ስሙ ግን ተለጠፈብን። እናቴ ከዚያ ቤት ተድራ እንደ ገባች ፉጨትን እንደ ወረርሽኝ ነው የተዋጋችው። ያፏጨ በማማሰያ ይመታል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና እኔ ዝምተኛ ሆንኩ፤ ጄምስ ግን ሲበላም ሲተኛም ያፏጭ ነበር። ወደ ባሕር ኃይሉ ሊሄድ ባቡሩ ሲነሳ፣ ከመስኮቱ ወጣ ብሎ ከንፈሩን አሾለ። እናቴ እጇን ሰድዳ አፉን ከደነችው። «ባሕር ለባሕር ልትዞር ታፏጫለህ! አንተ ጉድ!» አለችው። በእጇ ውስጥ ሳቀ። ባቡሩ ሄደ። ያ ነው መጨረሻው።

እንግዲህ ተራው ያንቺ ነው፤ አንድ ነገር ትመልሺልኛለሽ። የላክሁት ፎቶግራፍ የልጅ ልጄ የሮና ነው፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ። እናቴ ያስጻፈችሽ ምስጋና «ጀልባዋ ታምራለች፣ ሸራዋም ንጹሕ ነው» ይላል። አንቺም እንዳለ ጽፈሽ፣ ፖስታውን በምራቅሽ አሽገሽ ላክሽልኝ። ኤፊ፣ የእናቴ ዓይን እንዴት ነው?

መቼ ትመጣለህ ላልሽው፣ ያው ነፋሱ ሲመቸኝ።

ዱጋልድ

*

ፖርትሎሪ
ሜይ 18 ቀን 1958

ውድ ዱጋልድ፣

እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። እንዳልነግርህ መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው አስምለውኛል፤ እኔም የሞኝ ብልጠት ሆነብኝና፣ ስለ ጀልባዋ ያሉትን ሳላርም የላክሁት አንተ ራስህ እንድትደርስበት ነው። መሐላዬን አላፈረስኩም፤ ትንሽ ቀዳዳ አበጀሁለት እንጂ። የእናትህ ዓይን ካለፈው በልግ ጀምሮ ጠፍቷል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ ከዚያ በላይ የለም። ደብዳቤህን ሳነብላቸው ወረቀቱን ይቀበሉኝና በጣታቸው ይዳብሱታል። «እሱ እዚያ ሆኖ ምን ያደርግልኛል? እንዲያው ቢጨነቅ ነው» ይላሉ። ስለደበቅሁህ ይቅር በለኝ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ክራይተን ነው። ሁለተኛ ክፍል ሳለ አፍንጫውን የጠረግሁለት እኔ ነኝ፤ በስብሰባ ላይ ግን «እርስዎ» እንባባላለን።

«ሚስ ጋሮው፣» አለኝ፣ «ስህተቱ ይታረም፤ ሁለት መስመር ይጻፋል። በዚህ ማንም አይከራከርዎትም።»

ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ስል፦ «ቅጽል ስም ግን አይጻፍም» አለ።

«ታዲያ ማን ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ይህ የትምህርት ቤት ግድግዳ ነው፤ የዓሣ ገበያ አይደለም። ፉጨት? ንጉሥ? አንድ ቀን ንግሥቲቱ ጎብኝተው ቢያነቡት ምን ይላሉ?»

«ዘመድ ያገኙ ይመስላቸዋል» አልኩት።

ቄሱ ሳቁ፤ ሌሎቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ድምፅ ተሰጠ፣ ተሸነፍኩ።

ግማሽ ድል ይዤ ወደ እናትህ ሄድኩ። መረብ መጠገኑን አልተዉም፤ በጣታቸው እያዩ ይሠራሉ። የሆነውን ስነግራቸው መርፌውን አስቀመጡ።

«እና ሁለት ጄምስ ፍሌት፣ ላይና ታች?»

«አዎ፣ እማማ ቤላ።»

«የኔ የትኛው ነው?»

የመረቡን ጫፍ አነሳሁላቸው።

«ላዩን ጄሲ ትወስደዋለች። አውቃታለሁ» አሉ። መረቡን እየዳበሱም፦ «ቀለም ነው አይደል፣ በወርቅ ቀለም? ቀለም ለጣት አይታይም። ይሁን ልጄ፣ ደክመሻል፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው መርፌያቸውን አነሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመቃብር በላይ የሚቀረው ስም ነው ይባላል። ወንድምህ መቃብር እንኳ የለውም፤ ባሕር ነው የበላው። ያለው ያ ስም ብቻ ነው፣ እሱንም ከሌላ ጋር አደባልቀንበታል።

ኤፊ

*

ፖርት ቻልመርስ
ጁላይ 6 ቀን 1958

ኤፊ፣

የደበቅሽኝን ይቅር ብዬሻለሁ። አልቅሻለሁም፤ ለእናቴ ይህን አትንገሪያት።

በመርከብ የሚመጣ ጥቅል ልኬልሻለሁ። ቀስ ብለሽ ፍቺው። እዚህ አንዲት አሮጌ መርከብ እየፈረሰች ነው፤ ከእኛ የባሕር ዳርቻ ተሠርታ፣ ዓለምን ዞራ፣ እኔ በር ላይ መጥታ ያረጀች። ከጎኗ አንድ ሳንቃ ለምኜ ወሰድኩ። «ጄምስ ፍሌት፣ ፉጨት» ብዬ ቀረጽኩበት። ቀለም የለውም። ጠልቆ ነው የተቀረጸው፣ ጣት እንዲገባበት። ስጨርስ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አነበብኩት፤ «ጨ» ላይ ትንሽ እንቅፋት ስላገኘሁ መልሼ ላግኩት።

ክራይተን የሚባለው ልጅ ከሰሌዳው አጠገብ ካልሰቀለው ቤቷ ይሰቀል። ግን ትምህርት ቤት ቢሆን ነው ደስ የሚለኝ። ጄምስ እዚያ ቤት ከተገረፈው ግርፋት አንጻር ግድግዳው ዕዳ አለበት።

ዱጋልድ

*

ፖርትሎሪ
ኦክቶበር 12 ቀን 1958

ውድ ዱጋልድ፣

ሳንቃው ደረሰ። አዎ፣ በደህና ነው፤ ማዕዘኑ እንኳ አልተነካም። የሆነውን በተራ ልንገርህ።

እናትህ ጠረጴዛው ላይ አስተኙትና መጀመሪያ አሸተቱት። «ሬንጅ» አሉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ጀመሩ። ስሙን ቶሎ አለፉት፤ ያን ስም ያለው ብዙ ነው። «ፉጨት» ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቀጥ አለ። ሄዱበት፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱበት። ፊታቸው በራ። «ይሄ ዱጋልድ ነው» አሉ። «ልጅ ሆኖም ፊደሉ ቀጥ ያለ ነበር። ይሄ ደግሞ ጄምስ ነው። እዪው፣ ሁለቱም ቤት ገቡ!» እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ አለቀስኩ።

ሻዩን ከጠጣን በኋላ ግን ሳንቃውን ወደ እኔ ገፉት።

«አይሰቀልም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው? ለክራይተን እኔ አለሁለት!»

«ክራይተንን ማን አነሳው? የኔ ከነስሙ ከተሰቀለ ያቺ ሴትዮ ባዶ ቀለሟን ይዛ ልትቆም ነው? ልጇ ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ የሞተው ለሰው ስም አድማቂ ሊሆን ነው?»

«እማማ ቤላ፣ አርባ ዓመት አይነጋገሩም እኮ!»

«አልነጋገርም። አሁንም አልነጋገርም። ለዱጋልድ ጻፊለት፣ ለሷም ይቅረጽ። ከኔ እንደሆነ ግን ለጄሲ ትንፍሽ እንዳትይ። ካወቀች አትቀበልም። ግትር ናት።»

ግትር ናት ያሉት እናትህ ናቸው። ሳቄን ዋጥኩ።

ምረቃው ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ መርከቡ ካልዘገየ ይደርሳል። እባክህ ቶሎ በል። ዕድሜያቸውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ይህ ክረምት ደግሞ ገና ሳይገባ መስኮት ማንኳኳት ጀምሯል። ያለ እማማ ጄሲ ሳንቃ የወንድምህን አያሰቅሉም፤ ቃላቸው ቃል ነው።

ኤፊ

*

ፖርት ቻልመርስ
ዲሴምበር 3 ቀን 1958

ኤፊ፣

ለጄሲ ንጉሥ! እኔ! አንድ ጊዜ ከደጃፏ የደረቀ ዓሣ ሰረቅህ ብላ በጥፊ ያጮለችው ጆሮዬ ዛሬም በብርድ ጊዜ ይጮህብኛል። ዓሣውን የሰረቀው ደግሞ ጄምስ ነበር። የሷው ጄምስ።

ቀርጬዋለሁ። ከዚያችው መርከብ፣ ከዚያው ጎን፣ የመጀመሪያው ከተቆረጠበት አጠገብ። ልጁን እያሰብኩ ስቀርጽ ንዴቴ ጠፋ። ቀይ ፀጉር ነበረው፤ ታስታውሻለሽ? እኔና እሱ ደወሉን በጨርቅ ጠቅልለን ትምህርት ቤቱን ግማሽ ቀን ዝም ያሰኘነው ቀን አባትሽ ሁለታችንንም አሰለፉን። «ንጉሥ ሆይ፣ ቅደም» አልኩት፤ ሳቀና ቀደመልኝ። ለንቋጣው እሱ ላይ ደከመ፣ ለኔ ቀለል አለ። እንግዲህ ይህ ሳንቃ ለዚያ ይሁንለት። ወደዚያ የሚመጣ መርከበኛ በእጁ ይዞታል።

አሁን አንቺን ልጠይቅ። እናቴ ማሳል ጀምራለች ያለኝ ሰው አለ፤ ስለ ሳሏ ብጠይቅሽ ስለ አየሩ ጻፍሽልኝ። ደግሜ ብጠይቅሽ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት ጣሪያ ጻፍሽልኝ። ዝምታሽን አውቀዋለሁ፣ ተምሬበታለሁ። እናቴ እንዴት ናት?

ዱጋልድ

*

ፖርትሎሪ
ማርች 8 ቀን 1959

ውድ ዱጋልድ፣

ሳምባቸውን ታመው ነበር። ጃንዋሪን በሙሉ ተኝተዋል። ቄሱ ሁለት ጊዜ ተጠርተው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። አሁን ተነስተው ምድጃው ዳር ይቀመጣሉ፣ ሾርባ ይጠጣሉ፣ እኔንም ይሳደባሉ። ስለዚህ ድነዋል ማለት እችላለሁ።

ለምን አልነገርሽኝም ትላለህ። ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ነፋሱ እስኪመችህ ትጠብቅ ነበር? አየህ፣ ተናገርኩት። ሰላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በፈገግታ ያነበብኩትን ቃል በዚያ ወር ስላነበብኩት ነው የመረረኝ። ተቆጣኝ፣ ግን አልሰርዘውም።

ሁለተኛው ሳንቃ ደርሷል፤ አልጋዬ ሥር ነው። አሁን ደግሞ የሚያስቅህን ላምጣልህ።

ሚስተር ክራይተን ለምረቃው የጥሪ ካርድ አዘጋጀ። «በመዝገብ ስም ብቻ ይጻፍ» ብሎ አዘዘ። ፖስተኛው የታች ሰፈር ልጅ ነው፤ ካርዶቹን አየ፣ ምንም አልተናገረም፣ እንደታዘዘ አደረገ። «ጆን ፍሌት» የሚለውን ካርድ በሙሉ መንገድ ላይ መጀመሪያ ባገኘው ጆን ፍሌት ቤት ጣለው። «ሜሪ ፍሌት» የሚለውንም እንደዚሁ። በማግስቱ ጆን ፍሌት፣ ማሰሮ የሚባለው፣ የካርድ ክምር ታቅፎ ባንክ ገባ። «ሚስተር ክራይተን፣ ይህን ያህል ከወደዳችሁኝ ይህን ያህል ወንበር አዘጋጁልኝ» አለ። የቀረው የታች ሰፈር ሰው ግን አልተጠራሁም ብሎ ነደደ። በምረቃው ቀን ጀልባዎቹ ባንዲራ እንዳይሰቅሉ ተማማለ።

ክራይተን ማታውን ቤቴ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፦ «ሚስ ጋሮው፣ ካርዶቹ ላይ ቅጽል ስማቸውን ቢጨምሩልን? ለፖስተኛው ሲባል።»

«ለፖስተኛው ከተፈቀደ» አልኩት፣ «ለእናቶቻቸውስ?»

ሁለቱን ሳንቃዎች ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። «ዓይንህን ጨፍንና እጅህን አምጣ» አልኩት፤ በዚያ ሰዓት «እርስዎ» ማለቱን ረሳሁት። እንደ ታዛዥ ተማሪ ጨፈነ። ጣቱ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ ቆመ። ሲገልጥ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ምስኪን፣ እሱም አባቱን በዚያው ጦርነት ነው ያጣው። «ከሰሌዳው በታች ይሰቀሉ» አለ። «ኮሚቴውን ለኔ ይተዉልኝ።»

ኤፊ

*

ፖርትሎሪ
ኤፕሪል 19 ቀን 1959

ውድ ዱጋልድ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። አልተቆጣህም፤ ያ ደግሞ ከቁጣው ብሶብኝ አደረ። እናትህ ለምረቃው ይደርሱ እንደሆነ ለጠየቅኸኝ መልሱ አዎ ነው። ቆመው፣ በገዛ ዓይነ ስውር ኩራታቸው ደረሱ።

በዓሣ መኪናው ፊት ወንበር አስቀምጠን አመጣናቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ላይ ሰፈር ከፊት፣ ታች ሰፈር ከኋላ፣ እንደ ድሮው። መዝሙሩ ተዘመረ፣ ቄሱ ጸለዩ፣ ክራይተን መጋረጃውን ገለጠ። የወርቁ ቀለም ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ያንተ ሁለት ሳንቃዎች አሉ፣ ጥቁር፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሉ።

እናትህን እጃቸውን ይዤ ወደ ግድግዳው ወሰድኳቸው። እማማ ጄሲም ከወዲያ ወገን ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡ። ስለ ሳንቃው ያወቁት ያን ጊዜ ነው፤ ደንግጠው ቆሙ። የእናትህ ጣት መጀመሪያ ያረፈው በግራው ሳንቃ ላይ ነበር። አነበቡት። ፊታቸውን ሳይመልሱ፦

«ይሄ ያንቺ ነው» አሉ።

«አያለሁ» አሉ እማማ ጄሲ። እነዚህ ቃላት ከአርባ ዓመት ወዲህ በመሀላቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ሁሉ ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሰማሁ።

ከዚያ እናትህ ወደ ቀኙ አለፉ። ስሙን በጣታቸው ሄዱበት። «ፉጨት» ላይ ሲደርሱ መዳፋቸውን በሙሉ ከደኑበት። አንተ የጻፍክልኝን የባቡሩን መስኮት አሰብኩ፤ እሳቸውም ያንኑ ያስቡ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። እንዲያ አፉን ይዘው ቆዩ። ቄሱ ለመናገር ጉሮሯቸውን ሲያጸዱ እናትህ መዳፋቸውን ቀስ ብለው አነሱ፣ ከንፈራቸውን አሾሉ፣ አፏጩ።

ዱጋልድ፣ የታች ሰፈር ወንድ ሁሉ «ቀዝቃዛ ብረት!» ብሎ ተንጫጫ። ብረት ነክቶ ክፉውን ለመመለስ ያልተሻማ የለም። አንዱ የወንበሩን እግር ያዘ፣ አንዱ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ጆን ማሰሮ የማሞቂያውን ቧንቧ ጨብጦ እጁን ተቃጠለ። እናትህ ግን እስከ መጨረሻው አፏጩት፤ ጄምስ ያፏጫት የነበረችውን ዜማ ነው፣ አልተሳሳቱም። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በልባቸው ይዘዋት ኖረዋል።

ዜማው ሲያልቅ እማማ ጄሲ የእናትህን ክንድ ያዙ።

«አርባ ዓመት ዝም ብለሽ ዛሬ ጀልባዎቻችንን ልታሰጥሚ ነው?»

«ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አንቺ ነሽ እንጂ! ጠርሙሴን ማን ገፋው?»

«መሀል ላይ ማን አስቀመጠው?»

እንዲህ እየተባባሉ፣ ክንድ ለክንድ እንደተያያዙ ወጡ። አበባውን ሁለቱም ረሱት፤ እኔ አስቀመጥኩላቸው። ትናንት ማታ እማማ ጄሲ እናትህ ቤት አመሹ። ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እስከ መንገድ ይሰማል። በሕይወቴ ደስ ካለኝ ቀን ሁሉ ይህ ይበልጣል፣ አባቴም ቢሰሙ ኖሮ ደስ ባላቸው ነበር ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

ከዚህ በታች ያለው የእናትህ ቃል ነው። «እንዳለ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው» ስላሉኝ አንዲት ቃል አልነካሁም።

ዱጋልድ፣

ሳንቃህ ተሰቅሏል። ጥሩ ሠርተሃል። ዓይኔ እንደሌለ ኤፊ ነግራሃለች፣ አውቃለሁ፤ እሷ ምሥጢር አይቆይባትም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያላፏጨሁት ጄምስን ብቻ ብዬ አይደለም። አንተም ባሕር ማዶ ነበርክ። ልጅ ባሕር ማዶ ያላት ሴት አታፏጭም።

መቼ ትመጣለህ ስልህ ነፋሱ ሲመቸኝ ትላለህ። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ። ይኸው ነፋሱን ጠርቼልሃለሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ይነፍሳል፤ ኤፊም መስኮቱ ሲንኳኳ ትሰማለች።

እንግዲህ ና።

እናትህ